የነጥብ ደብተሬና የደሴ ቤቴ

ስለኔ የሚወራውን ከፒያሳ ሻይ ቤቶች ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት። ፊደል ላይ ደካማ ነኝ። የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ሰርተፍኬቱንም ያገኘሁት መምህሩ ስለታከተው ይመስለኛል። ቃል ብገድፍ አውፍ በሉኝ፤ ነገር ግን አልገድፍም።

ነገሩ የጀመረው በቂቤ ነው። ልጄ ሰአዳ ኮምቦልቻ ትኖራለች። ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ናት። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው እንደ በልግ ዝናብ ነው፤ ሲመጣ ደስ ይላል እንጂ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ልጆቹን የምታሳድገው እሷ ናት። ታዲያ አንድ ቀን የኩታበር ዘመዶቻችን የላኩላትን ቂቤ ላደርስላት በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድኩ። ደረስኩ። ተሳሳምን፤ ምሳ በላሁ፤ የልጅ ልጆቼን መረቅሁ፤ ሙቀቱን አማሁ፤ ተመለስኩ። ደሴ ደርሼ በሬን ስከፍት ስልኬ ጮኸ።

«አባ፣ ቂቤውስ?»

«አለ፤ እጄ ላይ ነው» አልኳት።

«እርስዎ የት ነዎት?»

«ቤቴ።»

ስልኩን ዘጋችው።

ይህ ብቻ ቢሆን ባለፈ ነበር። በዚያው ሰሞን የሻይ በራዴን ከሰል ላይ ጥጄ ለሶላት ወጣሁ። መንገድ ላይ ቀብር አገኘሁና ተከተልኩ፤ ቀብር አይቶ እንዴት ይታለፋል። ስመለስ በራዱ ቀልጦ፣ አፉ ወደ አንገቱ ገብቶ፣ የማላውቀው ዕቃ ሆኖ ጠበቀኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ከመስጊድ በአንድ እግሬ የራሴን፣ በሌላው የሰው ጫማ አድርጌ መጣሁ። ጫማው ምቹ ስለነበር ቤት እስክገባ አልታወቀኝም። ጎረቤቴ ዘሀራ ይህን ሁሉ ለልጄ በስልክ አደረሰች። ዘሀራ ክፉ ሰው አይደለችም፤ የሰማችውን ነገር ብቻዋን መያዝ ነው የሚከብዳት።

በእሁዱ ሰአዳ መጣች። ሻይ እንኳ ሳትጠጣ፣ «አባ፣ ከእንግዲህ ብቻዎን አይኖሩም» አለችኝ። «ክፍል አሰናድቻለሁ። አልጋውም ተነጥፏል።»

«እምቢ» አልኩ።

እኔ መጀመሪያ እምቢ እላለሁ፤ ምክንያቱን በኋላ ቀስ ብዬ እፈልጋለሁ። ያን ቀን ግን ሳልፈልገው መጣ። ይህን ቤት እኔና ሟች ሚስቴ ጭቃውን በእግራችን ረግጠን ነው ያቆምነው። ጠዋት በር ስከፍት ጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ፊት ለፊቴ ይቆማል። መስጊድ ውስጥ ከምሰሶው ሥር ጀርባዬን የምታውቅ ቦታ አለችኝ። ማዶ ደግሞ ደምሴ አለ። አናጺ ነበር፤ አሁን እንደኔው ደጅ ላይ ፀሐይ ይጠብቃል። እሱ ክርስቲያን ነው፤ በፋሲካ ግን እኔ እንድበላለት ብሎ ዶሮውን በእስላም እጅ ያሳርዳል። ኮምቦልቻ ማን ነው ይህን የሚያደርግልኝ? ከተማውን አልጠላም፤ ሥራ ያለበት፣ ሰዉም ጥሩ የሆነ አገር ነው። ግን ብርድ ልብስ እዚያ ክብር የለውም። እኔ ደግሞ ብርድ ልብስ ሳልደርብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ይህን ሁሉ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ከቦርሳዋ አንዲት ደብተር አውጥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«አባ፣ እኔ የማልረሳ ይመስልዎታል?» አለችኝ። «ይህች ባትኖር እኔም ቂቤውን ይዤ እመለስ ነበር።»

ገለጥኩት። እናንተዬ፣ ያየሁትን እንዴት ልንገራችሁ። ፋብሪካው፣ ወጥ ቤቱ፣ የልጆቹ ክትባት፣ መንገድ ላይ ያለው ባሏ፣ የታመመች ጓደኛዋ፣ ሁሉም በአንድ ገጽ ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አንዱ ሌላውን አይገፋም። እኔ ይህችን ልጅ የጫማ ማሰሪያ ማሰር ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ አሁን እሷ ቀኑን ራሱን አስራ ይዛው ኖራለች። ማሻአላህ አልኩ፤ በሆዴም አይደለም፣ ድምፄን አውጥቼ።

አሠራሩን አስረዳችኝ። ሊሠራ የታሰበ ነገር ነጥብ ይደረግለታል። ሲሠራ ነጥቧ ላይ ኤክስ። ያልተሠራ እንደሆነ ቀስት ይበጅለትና ወደ ነገ ይሻገራል። ቀጠሮ ክብ ነው፤ እንዲያው ወሬ ከሆነ ሰረዝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ስሙ ቡሌት ጆርናል ይባላል አለችኝ። ቡሌት ጥይት መሆኑን ከድሮ ፊልም አውቃለሁና ጥይት ቤቴ አይገባም ብዬ የነጥብ ደብተር አልኩት። ይህን ዘዴ ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን እንደኔ ጽሕፈት የሚያደክመው መሆን አለበት። ጽሕፈት የሚወድ ቢሆን ኖሮ ብዙ ያስለፋን ነበር። ነጥብ ማድረግ ማን ያቅተዋል? ዶሮም ታደርጋለች።

ከዚያ ለኔ ያመጣችውን አዲስ ደብተር ሰጠችኝ። ስከፍተው ገጹ ሁሉ ከላይ እስከ ታች ነጥብ ነው። የሚቀጥለውም ነጥብ፣ የሚቀጥለውም። ላብ አጠመቀኝ።

«ልጄ» አልኳት፣ «ይህን ሁሉ ሥራ በየትኛው ዕድሜዬ ልጨርሰው ነው?»

እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ወረቀቱ ሲሠራም ነጥብ ያለበት ነው፣ መስመር እንዳይጣመም ነው አለችኝ። እኔም ያወቅሁት መስዬ ሳቅሁ።

ውላችን እንዲህ ሆነ። አንድ ወር ትሰጠኛለች። ወሩ ሲያልቅ መኪና ይዛ ትመጣለች። ዘሀራንና ደምሴን ትጠይቃለች። የረሳሁት ነገር ከተገኘ ዕቃዬ ይጫናል፣ እኔም እሳፈራለሁ። ካልተገኘ ስለ ኮምቦልቻ ዳግመኛ አንዲት ቃል አትተነፍስም። እኔ ምስክሮቹን ወደድኳቸው። ዘሀራ ሌማቷን ሳትልክልኝ የማትውል፣ ደምሴ የወጣትነት ወዳጄ። በነዚህ ምስክሮች እሸነፋለሁ ብዬ እንዴት ልስጋ።

በማግስቱ ፒያሳ ወርጄ እስክሪብቶ ገዛሁ። ባለሱቁ ያቀረበልኝን ሁሉ በወረቀት ላይ እያስነጠብኩ ስመርጥ ትዕግሥቱ አለቀና፣ አባቴ፣ ነጥብ በሁሉም አንድ ነው አለኝ። አይደለም። ልብ ያለው ሰው ነጥብ ከነጥብ ይለያል።

የመጀመሪያው ችግር ነገ የሚባለው ነገር ነው። ደብተሩ ነገ የምትሠራውን ዛሬ ጻፍ ይላል። እኛ ደግሞ ኢንሻአላህ ሳንል ስለ ነገ አንናገርም። ስለዚህ ከየነጥቧ አጠገብ ኢንሻአላህ እጽፍ ጀመር። ኢንሻአላህ ለኔ እጅ ረጅም መንገድ ነው። «የግፊት ኪኒን» ብዬ ለመጻፍ ብዙም አልደክምም፤ ኢንሻአላህን ጨርሼ ቀና ስል ግን የኪኒኑ ሰዓት አልፏል። ገጹም ከሥራው ይልቅ በኢንሻአላህ ሞላ። በምልክት ልተካው አሰብኩና ፈራሁ። ደብተሩን ይዤ ወደ መስጊዳችን ሼህ ሄድኩ።

ሼሁ መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ አገላበጡት። በመጨረሻ፣ ከፊተኛው ገጽ ላይ አንድ ጊዜ በትልቁ ጻፈው፣ ለውስጡ ሁሉ ብለህ በልብህ አስበህ ነይት፣ አላህ ልብህን ያያል አሉኝ። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል እጄን ያዙኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ይህ ደብተር ከየት ይገኛል አሉ። ለካ ስንቱ ሰው ዱአ ያድርጉልኝ ብሏቸው ይሄዳል፤ ማን ለምን እንዳላቸው እየጠፋባቸው ተቸግረዋል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀና። ኪኒኔ በሰዓቷ ትዋጣለች። ከሰሉ ሳይጠፋ ከቤት አልወጣም። ጫማዬን ሁለቱንም ተመልክቼ ነው የማደርገው። ኤክስ የማድረጉ ደስታ ግን አሰከረኝ። ነጥብ ላይ ኤክስ ስታደርጉ ደረት ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ይላል። ለዚያች ቀጭ ብዬ የሠራሁትን ከሠራሁ በኋላ እየጻፍኩ ኤክስ ማድረግ ጀመርኩ። «ከእንቅልፍ መነሳት» ብዬ የጻፍኩበት ቀን አለ። አምስቱን ሶላትም አስገብቼ ነበር፤ ኤክሱን ሳደርግ ደስታው በዛብኝና ለአላህ የሰገድኩትን ለደብተር ማሳየት መሰለኝ። አወጣኋቸው። ለሶላት እንደሆነ ሙአዚኑ ከደብተር በላይ ይጮሃል።

ከሁሉ የወደድኩት ቀስቱን ነው። እኔ ያደግሁት ያልሠራኸው ነገር በአለንጋ በሚጠየቅበት ቤት ነው። ቀስቱ አይገርፍም። ዛሬ አልሆነም፣ ና ነገ ውስጥ ግባ ብሎ እጅህን ይዞ ያሻግርሃል። እንዲህ ዓይነት ርኅራኄ ከወረቀት አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ቢሆንም ብዙ ሳልቆይ ነጥብ አለቀብኝ። ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ስንት ሥራ አለው? ገጹ ባዶ ሲሆንብኝ ወደ ጎረቤት ዞርኩ። ደምሴ መሰላሌን የተዋሰ ጊዜ የበኩር ልጁ አልተወለደም ነበር፤ አሁን ልጁ በዚያው መሰላል ላይ ቆሞ አናጺ ሆኗል። ነጥብ። የዘሀራ አሸንዳ ዝናቡን ወደኔ ግድግዳ ነው የሚተፋው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አሠራዋለሁ ኢንሻአላህ ትላለች። ነጥብ። ጠዋት ጠዋት ደብተሬን ይዤ በየበሩ እቆማለሁ።

«ዘሀራ፣ አሸንዳሽ ዛሬም ቀስት ሆናለች።»

«አያ፣ ምን አደረግሁዎት? ገና ፊቴን አልታጠብኩም።»

በመጨረሻ አሠራችው፤ ለግድግዳዬ አዝና ሳይሆን ጠዋት በሰላም ለመነሳት ብላ። ደምሴም መሰላሉን መለሰ፤ በሬ ላይ ጥሎት ሄደ እንጂ አላንኳኳም። ሰዉ እኔ ፊት ኢንሻአላህ ማለት ተወ። ለሐዘንና ለሠርግ የምንረዳዳበት ቅሬያችን ሲሰበሰብ፣ ወትሮ ድንኳኑን እኔ አሰፋዋለሁ፣ ወንበሩን እኔ አስጠግነዋለሁ የሚለው ሰው ሁሉ እጄ ወደ ኪሴ ስትገባ እያየ አፉን ያዘ። ስብሰባው ገና ሳንሞቀው አለቀ። እኔ ሥርዓት ያመጣሁ መስሎኝ ኮራሁ።

አላህ ኩራቴን የመለሰልኝ በሰይድ በኩል ነው። ሰይድ የአጎቴ ልጅ ነው፤ ኩታበር ገበሬ ነው። የዚያን ቀን ነጥቤ የጣራዬን ቀዳዳ መድፈን ነበርና መሰላሉን አቁሜ ላይ ወጥቻለሁ። ከዚያ በኋላ የቀረችኝ ደግሞ የኪኒን ነጥብ ናት። ሰይድ አንድ ኬሻ ድንች ተሸክሞ መጥቶ፣ ደጁ ላይ አወረደና ሰላምታውን አወረደልኝ። እኔም ከላይ ሆኜ፣ መርሃባ ሰይድ፣ ዛሬ አንተ ነጥብ የለህም፣ ሁለት ነጥብ አሉኝ፣ እነሱን ጨርሼ አስገባሃለሁ አልኩት። ወላሂ እንዲህ አልኩ። ካፊያ ጀመረ። እኔ ቆርቆሮውን እመታለሁ፤ ሰይድ ከድንቹ ጋር ይርሳል። የጣራውን ኤክስ ላደርግ ስወርድ ደጁ ላይ ድንቹ ብቻውን ቆሟል።

ሰይድን ያገኘሁት ዘሀራ ቤት ነው። እሳት ዳር ተቀምጦ፣ የባሏን ጋቢ ለብሶ ይበላል። እንግዳህን ጎረቤት ሲያስገባልህ ምን ማለት እንደሆነ የወሎ ሰው ያውቀዋል፤ ለሌላው ደግሞ ባስረዳም አይገባውም። ዘሀራ አልጮኸችም። ሳህኑን እያቀረበች ቀና ብላ አየችኝ።

«አያ» አለችኝ፣ «እንግዳ በቀጠሮ የሚመጣበት አገር አለ ይባላል። እዚህ ግን አይደለም።»

ሰይድን አውፍ በለኝ አልኩት። እሱ የዋህ ነው፤ «አብሽር» አለኝ፣ «እኔስ ግድ የለኝም፤ ድንቹን ግን ነጥብ አድርግለትና አስገባው።» ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እኔ ብቻ አልሳቅሁም።

በማግስቱ ደብተሩን ላቃጥለው አስቤ ከከሰሉ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከዚያ ጥፋቱ የማን ነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ደብተሩ እንግዳ አታስገባ አላለኝም። እኔ ነኝ ገጹን እስከ ጫፉ የሞላሁት። ስለዚህ በየቀኑ ገጽ መሐል ላይ ሰፊ ቦታ ምንም ሳልጽፍበት መተው ጀመርኩ፤ አላህ ለሚያመጣው ሰው። ደብተሩም እሺ አለ። ይህን ነው ያደነቅሁት። ስንቱ የተመሠረተ ሕግ አንድ እንግዳ ሲገባበት ይፈርሳል፤ ይህ ግን ፈቀቅ ብሎ ቦታ ይሰጣል።

እኔ ተማርኩ፤ ጎረቤቶቼ ግን አልረሱልኝም። ዘሀራ ሌማቱን መላክ አቆመች። ደምሴ ደጁ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ጀርባውን ሰጠኝ። ወሩ ደግሞ አለቀ።

ሰአዳ በጠዋት አይሱዙ ይዛ መጣች። ሹፌሩ የኋላውን በር ከፍቶ ገመዱን ዘረጋ። ቤቴን ዞር ብዬ አየሁት። አልጋዬ በዚያ በር ትወጣ እንደሆነ በዓይኔ ለካሁት፤ ትወጣለች። ስንሠራው ለምን አስፍተን ሠራነው ብዬ ተቆጨሁ።

ግቢ ውስጥ አግዳሚው ላይ ምስክሮቹ ተቀመጡ። እኔን ቀና ብሎ ያየኝ የለም።

«እትዬ ዘሀራ» አለች ልጄ፣ «እውነቱን ይንገሩኝ።»

«ወላሂ ውሰጂልን» አለች ዘሀራ።

ደምሴ ይሻላል ብዬ ወደሱ ዞርኩ።

«እኔም አልቃወምም» አለ ደምሴ። «ማርያምን፣ ሰፈሩ ትንሽ ይረፍ።»

ሰአዳ ያሸነፈች አትመስልም ነበር። ፊቷ ጠቆረ። እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ ምን ረሱ ብላ ጠየቀቻቸው።

«መርሳት?» አለች ዘሀራ። «ይርሱልን ብለን እኮ ነው ዱአ ላይ የተቀመጥነው። አሸንዳዬን አልረሱ። ለሠርግ የተዋስኩትን ድስት አልረሱ። አንድ ቀን እግሬን አመመኝ ብዬ ተነፈስኩ፤ ሐኪም ቤት ሄድሽ ወይ፣ ሄድሽ ወይ እያሉ እግሬ ደህና ከሆነ በኋላ እንኳ አስወሰዱኝ።»

ደምሴም ተቀበላት። መሰላሉን እሱ ራሱ ረስቶት እንደነበር፣ የራሱ እየመሰለው ይምልበት እንደነበር ተናገረ። ለሚስቱ ቤቱን ቀለም እቀባልሻለሁ ብሎ ድሮ ፎክሮ ኖሯል፤ እኔ በሷ ፊት ከደብተሬ አንብቤለታለሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ሰላም የለውም።

«ይህ ሰው አንድ ነገር ቢረሳ ኖሮ» አለ፣ «እኛ እናርፍ ነበር።»

ሰአዳ ሻሿን ወደ አፏ አስጠጋች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

«እንግዲያ አንድም የረሱት ነገር የለም?» አለቻቸው።

ዘሀራና ደምሴ ተያዩ። በገዛ ምስክርነታቸው እኔን እዚሁ እንዳስቀሩኝ የገባቸው ያኔ ነው። ደምሴ ጭንቅላቱን አከከ። ሊዋሽ እንደሚችል አየሁት፤ አንዲት የተረሳች ነገር ፈጥሮ ቢናገር እኔን ከሰፈሩ ያስወጣኛል። ወዳጄ ግን አናጺ ነው፤ የጠመመ ነገር ሲያይ እጁን ያሳክከዋል።

«የለም» አለ። «እሱን አልክድም።»

ከዚያ የሳቀው እሱ ነው፤ ቀጥላ ዘሀራ፤ ቀጥሎ ሁላችንም። ልጄ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። ቃሌ ቃል ነው አለች፤ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፣ የሰው ነጥብ ከደብተሬ እንዲወጣ። እምቢ ልል ነበር። ዘሀራ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ እሺ አልኩ፤ እስክሪብቶዬን አውጥቼ እነሱ እያዩ ሰረዝኩ። የደምሴ ሚስት ግን በአጥር በኩል ጠርታኝ የቀለሙ ነጥብ እንዲቆይላት ለብቻዬ ለመነችኝ። የሴት ልመና ነው፤ ተውኩላት።

ሹፌሩ ገመዱን ይዞ እስካሁን ቆሟል። መጠበቅ ሲሰለቸው ወደ ግቢ አንገቱን አስገባና ዕቃው የታለ ብሎ ጠየቀ።

ሰአዳ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። በጋቢናው በር ላይ ቆማ ወደኔ ዞር አለች፤ እኔም ከቤቴ ደፍ ላይ ቆሜአለሁ።

«ዕቃው እምቢ አለ» አለችው።